የላዳ ኢንቴክ ማኒፎልድ ቤት ውስጥ ፖርት ማድረግ ያዋጣል ወይስ ልፋት ነው?

ላዳ_ሰማያዊ፦
ሰላም የሞተር ሰዎች። ያለችኝ ላዳ 2107 ናት፣ ባለ 1500ው ሞተር። አጎቴ ታክሲ ሲሰራባት የኖረች ናት፣ አሁን ለኔ ለቀቀልኝ። ቦዲዋን ጨርሻለሁ፣ ቀለሟንም እዛው ሰማያዊና ነጭ አድርጌ ነው የተውኩት፣ ሰው ታክሲ እየመሰለው እጁን ያነሳልኛል ግን አንጀቴ ቀይሪ ሊላት አልቻለም። ሞተሯ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል፣ ዘይት አትበላም፣ ኮምፕሬሽን አስለክቼ አራቱም ተቀራራቢ ነው። ችግሬ ዳገት ላይ ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሁለተኛ ላይ ትጮኻለች ሦስተኛ ስሰጣት ደሞ ትንፋሿ ይጠፋል፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክስ ያቀልጠዋል።

እና ዩቲዩብ ላይ ራሺያኖቹ ማኒፎልዱን (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባውን ቧንቧ) አውርደው ውስጡን በግራይንደር ምናምን እየፈቀፈቁ ሰፋ ሲያደርጉት (ፖርት ማድረግ የሚሉት እሱን ነው)፣ ከዛ መስታወት እስኪመስል ሲወለውሉት አየሁና ነገሩ ገባኝ፣ አየር በደንብ ከገባ ጉልበት አለ ማለት ነው አይደል? ማኒፎልዱ አሉሚኒየም ነው፣ ድሪል አለኝ፣ ሰፈር ሞርሳ ያለው ልጅ አለ። ጥያቄዬ፦ ቤት ውስጥ ይሰራል ወይ፣ ከተሰራስ ምን ያህል ልዩነት አለው፣ ደሞ እስከ መስታወት ድረስ መወልወል አለበት ወይ? ሞክሮ የሚያውቅ ይንገረኝ፣ "ጋራዥ ውሰዳት" የሚል መልስ አልፈልግም።

የሞተር_ፍቅር፦
ብሮ ይሰራል፣ ላዳ ላይ ደሞ ከሌላ መኪና በላይ ያዋጣል ብዬ ነው የማስበው ምክንያቱም ብረቱ ፋብሪካ ላይ ሲቀረጽ ሸካራ ሆኖ ነው የወጣው፣ የማኒፎልዱ ቀዳዳና የቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ላይኛ ክፍል) ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አይገናኙም፣ ጋስኬቱ (ማሸጊያው) ደሞ በመሀል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጣል። አየሩ በማኒፎልዱ ውስጥ በፍጥነት መጥቶ መጋጠሚያው ላይ እንደ ደረጃ ያለ ጠርዝ ይመታል ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መስራት ያለብህ ማስፋት ሳይሆን ማገናኘት ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ማኒፎልዱ ቴስታታው ላይ በፕሪጆኔሮ (ራስ በሌለው ቡሎን) ነው የሚታሰረው፣ ቀዳዳዎቹ ደሞ ላላ ያሉ ስለሆኑ ማኒፎልዱ በታሰረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ቦታ ይቀይራል። ይሄን ሳታስተካክል ብትሞርደው ሁለተኛ ስታስረው ያገናኘኸው ነገር ተመልሶ ይለያያል። ልምድ ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ፒን ያስገቡለታል ሁሌ እዛው ቦታ እንዲቀመጥ፣ ያን ማድረግ ካልቻልክ ቢያንስ በደንብ አስቀምጠህ ጎኑ ላይ በመርፌ ምልክት ጭረት። ከዛ የማኒፎልዱን ፊት በማርከር ቀባው፣ አዲስ ጋስኬት አስቀምጥና በቀዳዳው ዙሪያ በሹል ነገር አስምር። ያው ጋስኬት ቴስታታው ላይ ይሄድና እሱንም ታየዋለህ፣ የት እንደሚበልጥ የት እንደሚያንስ።

አሁን ዋናው ህግ፦ የማኒፎልዱ ቀዳዳ ከቴስታታው በትንሹ ያነሰ ቢሆን ችግር የለውም፣ አየሩ ከጠባብ ወደ ሰፊ ነው የሚወጣው፣ እንደውም ሞተሩ ወደኋላ ሲተፋ የሚመለሰውን አየር ያቺ ጠርዝ ትይዘዋለች። የማኒፎልዱ ቀዳዳ ከቴስታታው ከበለጠ ግን የቴስታታው ግድግዳ ፊት ለፊት ይቆምበታል፣ ሳትነካው ብትተወው ይሻል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ እስከ መስመሩ አትድረስ፣ መስመሩ ሳይጠፋ አቁም። ወደ ውስጥ ደሞ ሁለት ሦስት ሴንቲ ያህል ገብተህ ቀስ እያልክ ከነባሩ ግድግዳ ጋ ታቀላቅለዋለህ፣ ጉድጓድ እንዳይፈጠር።

ድንጋይ ግራይንደር አትጠቀም፣ አሉሚኒየም ድንጋዩን ይደፍነዋል ከዛ ይሞቃል መቁረጥ ያቆማል። ለአሉሚኒየም የሚሆን ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ የካርባይድ መሞረጃ ጫፍ አለ፣ እሱንም በየመሀሉ ነጭ ጋዝ ወይ ደብሊውዲ-40 ቀባው አለበለዚያ ጥርሱ መሀል ይጣበቃል። መጨረሻ ላይ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ጠቅልለህ አሻሸው በቃ። መስታወቱን ተወው፣ ምክንያቱን ሌላ ሰው ይነግርሃል እኔ ስራ ልገባ ነው።

ኪያ_ኮልፌ፦
ሸጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ፣ እንጦጦን ዝም ብሎ ነው የሚወጣው 😂

ላዳ_ሰማያዊ፦
@ኪያ_ኮልፌ ላዳ አይሸጥም። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደሞ ያለችህን መንከባከብ ነው የሚያዋጣው ባይ ነኝ።

ጋሼ_ቴስታታ፦
ልጄ፣ እኔ ከላዳ ጋ ነው ያረጀሁት። ማኒፎልዱን ሞርደው ሞርደው ውሃ መተላለፊያው ጋ ደርሰው የመጡ ልጆችም አይቻለሁ። የላዳ ማኒፎልድ በሞተሩ ውሃ ነው የሚሞቀው፣ ከስሩ የውሃ መንገድ አለ፣ ከካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው) የሚወርደው ቤንዚን ቀዝቃዛ ብረት ላይ እንዳይተኛ ተብሎ ነው። ወለሉን ከነካህ አደጋ አለው፣ ቀጥኖ ቀጥኖ ይቀደዳል፣ ከዛ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ያን ጊዜ የእንጦጦን ነገር ትረሳዋለህ።

መስታወቱን በተመለከተ፣ ላዳህ ካርቡራቶር ናት። ኢንጀክሽን ቢሆን ቤንዚኑ ቫልቩ አጠገብ ነው የሚረጨው፣ ማኒፎልዱ ውስጥ የሚሄደው ደረቅ አየር ብቻ ነው። ያንተ ላይ ግን ቤንዚንና አየር አብረው ናቸው የሚሄዱት፣ ግድግዳው በጣም ለስላሳ ሲሆን ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ ይንሸራተትና ወለሉ ላይ ይጠራቀማል፣ አንዱ ሲሊንደር ይጠግባል ሌላው ይራባል። ትንሽ ሸካራ ሲሆን ይበትነዋል። ስለዚህ 80 ቁጥር ያለህ ልጅ ትክክል ነው፣ እዛ ላይ ጨርስ።

ግን እኔ የምልህ ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ጉልበት አጣሁ ብሎ ማኒፎልድ የሚያወርድ ሰው መጀመሪያ እነዚህን ይይ።

ቤንዚን ፔዳሉን አንድ ሰው እስከ ታች ይርገጥልህና አንተ ኮፈኖ ከፍተህ ፊልትሮውን አውርደህ ከላይ እይ፣ የካርቡራቶሩ የመጀመሪያው ጉሮሮ (አየር የሚገባበት ቀዳዳ) እስከ መጨረሻ ይከፈታል ወይ? ስንቱ ላዳ ነው ሊቨሩ ተጣሞ ወይ ምንጣፉ ፔዳሉን ይዞት ሦስት አራተኛ ብቻ እየተከፈተ የሚነዳ። ሁለተኛው ጉሮሮ በፔዳል አይደለም የሚከፈተው፣ በቫኩም ነው፣ ጎኑ ላይ ክብ ነገር አለች፣ ውስጧ ዲያፍራም አለ። እሱ ከተቀደደ ሁለተኛው ጉሮሮ መቼም አይከፈትም፣ መኪናው ከተማ ውስጥ ምንም አይልም፣ ዳገት ላይ ነው የሚታወቅብህ። አንተ የምትለው ነገር እሱን ይመስላል።

ቀጥሎ ፊልትሮው አፍ ላይ ያለችውን መዝጊያ እይ። ላዳ የተሰራችው ለራሺያ ብርድ ነው፣ ለክረምት ከኤግዞስቱ አካባቢ የሞቀ አየር የምትስብበት ቱቦ አላት፣ ለበጋ ደሞ ቀዝቃዛውን። መዝጊያዋ ክረምት ላይ ተረስታ ወይ ተጣብቃ የኖረች ላዳ አዲስ አበባ ሙሉ ናት። የሞቀ አየር ስስ ነው ልጄ፣ ሠላሳ ዲግሪ ሲጨምር አስር ፐርሰንት የሚጠጋ አየር አጣህ ማለት ነው፣ ይሄን በሞረድ አታመጣውም።

የቫልቩንም ክፍተት አስለካ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ነው፣ ኢንቴኩም ኤግዞስቱም። ጠብቆ ከሆነ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ላልቶ ከሆነ በደንብ አይከፈትም። እነዚህን አይተህ ንገረኝ።

ዴንቨር_ሐበሻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ኮሎራዶ አውሮራ ነው፣ እኛም ከፍታ ላይ ስለሆንን ይሄ ነገር የዘወትር ወሬያችን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ወንድሜ ላዳ_ሰማያዊ ተስፋህን ለመቁረጥ አይደለም።

ባህር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስላለች ወደ 83 ትወርዳለች። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር አካባቢ ናት፣ 76 ብቻ ነው ያላችሁ፣ እንጦጦ አናት ላይ ደሞ 70 ገደማ። ኢንቴክ ማኒፎልድ አየር አያመርትም፣ ውጪ ያለው ግፊት ነው ወደ ውስጥ የሚገፋው። ማኒፎልዱን እንደፈለክ ብትሰራው እላዩ ላይ ያለው 76 ከ76 አይበልጥም። ቱርቦ ካልገባ በቀር ማለቴ ነው።

ሞተርህ ፋብሪካ ላይ 70 ምናምን ፈረስ ጉልበት ነው፣ ከፍታው ሲቀነስ አዲስ አበባ ላይ ወደ 55 ገደማ ይደርሳል፣ ቀኑ ሲሞቅ ደሞ ትንሽ ያንሳል። አሁን ማኒፎልዱን በጣም አሪፍ አድርገህ ሰርተህ አምስት ፐርሰንት አገኘህ እንበል፣ እኔ ማኒፎልድ ብቻ ነክቶ አምስት ያገኘ ሰው ብዙም አላምንም ግን እንበል፣ ሦስት ፈረስ አይሞላም። ያውም ላይኛው ዙር ላይ። ከሱ በላይ የሚያጠበው ቫልቩና መቀመጫው አካባቢ ያለው ቦታ ነው፣ አየሩ እዛ ጋ ነው ታጥፎ የሚገባው፣ ማኒፎልዱን ቧንቧ ብታሰፋው እዛ ጋ ሲደርስ ያው ነው።

ካርቡራቶር ያለው ሰው ከፍታ ላይ የሚያተርፈው ሌላ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ድብልቁ ይከብዳል፣ ሂሳቡ አዲስ አበባ ላይ ከባህር ጠለል አስር ፐርሰንት በላይ ቤንዚን ይበዛበታል ማለት ነው። ካንዴላህን አውጥተህ እይ፣ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ እሱ ነው። ዋናውን ጄት (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) አንድ ሁለት ቁጥር ስታሳንስ መኪናው ሌላ ይሆናል፣ ቤንዚንም ይቀንሳል፣ ሊትሩ እንዲህ በተወደደበት ዘመን። ታይሚንጉንም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደፊት ብትሰጠው ትወደዋለች ምክንያቱም ስስ አየር ቀስ ብሎ ነው የሚቃጠለው፣ ከፍታ ላይ ደሞ ማንኳኳቱ ይቀንሳል። ግን ወደ ድሬዳዋ ወይ ወደ ጅቡቲ የምትወርድ ከሆነ መልሰው፣ እዛ አየሩ ወፍራም ነው፣ ያሳነስከው ጄት ያሳጣታል፣ የሰጠኸው ታይሚንግም ያንኳኳታል።

የሞተር_ፍቅር፦
@ዴንቨር_ሐበሻ ከፍታው ልክ ነህ ግን "ምንም አያመጣም" የሚለው ላይ አልስማማም። መጋጠሚያው ላይ ሦስት ሚሊ ጠርዝ ያለው ማኒፎልድ በአይኔ አይቻለሁ፣ እሱን ማስተካከል ጉልበት ባይጨምር እንኳን አራቱ ሲሊንደር እኩል እንዲተነፍስ ያደርጋል፣ ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ ስትሰራ) የሚንቀጠቀጠው ነገር ይቀንሳል። ለሁሉም ነገር የፈረስ ጉልበት አይቆጠርም። ደሞ ወጪው ምንድነው? አንድ ካርባይድና አንድ ጋስኬት።

ዴንቨር_ሐበሻ፦
ምንም አያመጣም አላልኩም። መጋጠሚያውን ማስተካከል እደግፋለሁ። የማልደግፈው ቧንቧውን በሙሉ ርዝመቱ ማስፋት ነው። ቧንቧው ሲሰፋ አየሩ ፍጥነት ያጣል፣ ፍጥነት ሲያጣ ታች ዙር ላይ ጉልበት ይጠፋል፣ የሱ ችግር ደሞ እዛው ታችና መሀል ዙር ላይ ነው፣ ሦስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ። ስድስት ሺህ ዙር ላይ ሰርኪዩት የሚነዳ ሰው ቢሆን ሌላ ነገር ነው።

ላዳ_ሰማያዊ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ይከፍታል። ዲያፍራሙም ፈትቼ አየሁት ጤነኛ ነው፣ ቱቦዋን በአፌ ስስባት ሊቨሩ ይንቀሳቀሳል። የፊልትሮው መዝጊያ ግን እንዳሉት ሙቁ ላይ ተጣብቋል!! ዝጎ ነው፣ በዘይት ነክሬ አላቀቅኩት አሁን ቀዝቃዛው ላይ አድርጌዋለሁ። ካንዴላዎቹም ዴንቨር እንዳለው ጥቁር ናቸው፣ አንደኛና አራተኛው ይብሳል።

ዳገቱ ላይ ልዩነት አለ፣ አሁን ሦስተኛ ትይዛለች ግን ረዥም አይደለም። ጄቱን ሶማሌ ተራ ሄጄ እጠይቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ አሁንም ማኒፎልዱን መስራት እፈልጋለሁ፣ ለጉልበት ብቻ አይደለም፣ እጄ ይበላኛል። ዋናውን ግን አልነካም፣ ያገለገለ ሌላ ማኒፎልድ እገዛና እሱን እሰራለሁ፣ ከተበላሸም መኪናዋ አትቆምም። ሁለት ነገር ግልጽ አልሆነልኝም፣ የአሉሚኒየሙን ብናኝ እንዴት ነው ሙሉ በሙሉ የማጠራው፣ ደሞ ግድግዳው መቅጠኑን ሳልበሳው በፊት በምን አውቃለሁ? ልዩነት መጣ አልመጣም የምለካበት ነገርም ካለ።

ጋሼ_ቴስታታ፦
አንደኛና አራተኛው መጥቆሩ ገርሞኝ አይደለም፣ ቫልቭ ለካ ያልኩህን አልነገርከኝም። ለካው።

ያገለገለ ማኒፎልድ ስትገዛ መጀመሪያ ፊቱን እይ። ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ በረዥሙ አስደግፈህ በስሩ ብርሃን እይ፣ ፊለር ጌጅ (ቀጭን የክፍተት መለኪያ) ካለህ ከስሩ አስገባ። ላዳ ኢንቴኩና ኤግዞስቱ በአንድ ጎን ናቸው፣ አንድ ጋስኬት ነው የሚጋሩት፣ ስለዚህ የአንዱ ፊት ትንሽ ከተጣመመ ሌላውም አይጨመቅም። የተጣመመ ከሆነ ሻጩ ምንም ይበልህ ምን አትግዛ፣ ወይም ዋጋውን ቀንሰህ ቶርኖ ቤት ወስደህ ፊቱን ቀጥ አስደርገው።

የግድግዳውን ውፍረት በእጅህ ነው የምታውቀው፣ በአንድ ጣት ውስጡን በሌላው ውጪውን ይዘህ፣ ጎን ላይ ከውጪ ጣትህ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጣትህ የማይደርስበት፣ ከስሩ ውሃ የሚያልፍበት ወለል፣ እሱን ጨርሶ አትንካ ብዬሃለሁ። የፍሬኑ ቫኩም ቱቦ የምትገባበት ቦታም ዙሪያው ስስ ነው፣ ተወው። ስትጨርስ የውሃውን አንድ አፍ ድፈንና በሌላው አየር ንፋበት፣ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነክረህ። አረፋ ከወጣ ያ ማኒፎልድ ለጌጥ ነው። ይሄን ሳታደርግ ሞተሩ ላይ አታስረው።

ብናኙን ደሞ በቤንዚን ብቻ አጥቦ መተው አይበቃም፣ ቤንዚን ቅባቱን ይወስዳል እንጂ ደቃቁ ይቀራል። ሙቅ ውሃና ኦሞ፣ በጠርሙስ ብሩሽ፣ እያንዳንዱን ቧንቧ ከሁለቱም አቅጣጫ፣ ከዛ ጎሚስታ ጋ ወስደህ በአየር አስነፋው። ነጭ ጨርቅ አስገብተህ ጎትት፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዞ ከወጣ ገና ነው። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ከአሉሚኒየሙም የከፋ ነው፣ ሲሊንደርና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላል። እዛው ሞተሩ ላይ እንደታሰረ ጨርቅ ወትፎ የሚሞርድ ሰው ካየህ ደሞ ሩጥ።

የሞተር_ፍቅር፦
መለኪያውን እኔ ልንገርህ። የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሂድ፣ አራተኛ ማርሽ ላይ ከ60 እስከ 100 በስልክህ ሰዓት ያዝ፣ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ይያዝልህ እንጂ አንተ እየነዳህ አትያዝ። ግን ሁሌ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ አቅጣጫ፣ ተመሳሳይ ሰዓት። ወደ አዳማ ስትሄድ መንገዱ ይወርዳል፣ ከፍታውም ስለሚቀንስ አየሩ እየወፈረ ይሄዳል፣ ሲመለሱ ተቃራኒው ነው፣ ሰው ሲሄድ ለክቶ "ዋው" ይልና ሲመለስ ይደነግጣል። አንድ በአንድ ቀይር ደሞ፣ ጄቱንም ማኒፎልዱንም ታይሚንጉንም በአንድ ቀን ከነካህ ማን እንዳመጣው አታውቅም። የድምጽ ነገር አያታልልህ፣ መዝጊያው ቀዝቃዛው ላይ ሲሆን የመሳቡ ድምጽ ይጨምራል እና ፈጣን የሆነች ትመስላለች።

ላዳ_ሰማያዊ፦
አሪፍ፣ መጀመሪያ ቫልቭ ከዛ ጄት ከዛ ማኒፎልድ። ጋሼ ዛሬ ለካሁት፣ የአራተኛው ኢንቴክ ጠብቆ ነበር ሌሎቹ ደህና ናቸው።

ጋሼ_ቴስታታ፦
ይኸው። ሌላ ነገር፣ ማኒፎልዱን ስታስር ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለስክ እኩል እኩል አጥብቅ፣ አንዱን ጨርሰህ ወደሌላው አትሂድ። ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን ድገማቸው፣ አዲስ ጋስኬት ይቀመጣል። ከዛ ሚኒሞ ላይ እየሰራች መጋጠሚያው ዙሪያ ትንሽ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባ፣ ውሃውን ከሳበችው ወይ ድምጿ ከተቀየረ አየር ትስባለች። ከካርቡራቶሩ ስር ያለችውን ወፍራም ጋስኬትም አትርሳ፣ ብዙ ጊዜ እሷ ናት የተሰነጠቀችው። የፍሬኑን ቱቦ ክላምፕ ሁለቴ እይ፣ እዛ ጋ አየር ከገባ ሞተሩ መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም ፍሬኑም ይደርቅብሃል፣ ከእንጦጦ ደሞ መውረድ አለ።

ላዳ_ሰማያዊ፦
እሺ ጋሼ። ኮልፌ አካባቢ ዳይ ግራይንደር የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ፣ የኔ ድሪል ዙሩ ለካርባይድ አያንስም ወይ ብዬ እየፈራሁ ነው።

ኪያ_ኮልፌ፦
እኔ ጋ አለ፣ አላከራይም አውስሃለሁ። ግን መጥተህ እኔ ግቢ ነው የምትሰራው፣ ማየት እፈልጋለሁ።